ነርስ ትሁን አትሁን ያልንበት ክረምት

ይቺ የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ የምትፈልገው የድሮውን እንድነግራት ነው፤ ባቡሩ በአቃቂ ሲያልፍ የነበረውን፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስሠራ የነበረውን። እሱን ሌላ ቀን አልኳት። ዛሬ ያንቺኑ ነው የማወራው፣ ትዝታ የግድ ሩቅ መሆን አለበት እንዴ?

"የኔን ምን ብዬ ልጽፈው ነው? አፍራለሁ" አለች።

"አፈርሽም አላፈርሽም እኔ ያልኩትን ጻፊ።"

ይኸው እየጻፈች ነው።

እናቷ ልጄ ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነች፣ ጠዋት በታክሲ ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ይቺን ገና ጡት ስትተው እኔ ጋ አመጣቻት፣ እኔ ቤት አደገች። ለዚህ ነው አንቺ የምትለኝ። ጎረቤት ይሰማና "አያትሽን አንቱ አትይም?" ይላታል። እኔ ደግሞ አንቱ ብትለኝ የተቀየመችኝ ይመስለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣላትም። ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ቂሊንጦ አንድ መድኃኒት ፋብሪካ ተቀጠረች። ሥራዋ ኪኒን በካርቶን ማሸግ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ ዋናው መንገድ ላይ ይወስዳታል። ፋብሪካ በሷም አልቀረ አልኩ በሆዴ፤ አያትየዋ ክር፣ ይቺ ኪኒን።

አንድ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ተቀምጣ፣ "እማማ፣ ነርሲንግ ልማር መሰለኝ" አለችኝ።

"መሰለኝ ምንድነው? ትማሪያለሽ ወይስ አትማሪም?"

"እኔ እንጃ። ቀኑን ሙሉ ኪኒን አሽጋለሁ፣ የሚውጠውን ሰው ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።" እግሯን ከውኃው እያወጣች ደግሞ፣ "ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው አንዷ ልጅ ጣቷን ማሽን ቆረጣት፣ ፋሻውን እኔ ነኝ የጠቀለልኩላት። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ እንኳን መያዝ አቃተኝ። እጇ የሚንቀጠቀጥ ነርስ አለች?"

እኔ ምን አውቃለሁ። "ለእናትሽ ንገሪያት" አልኳት።

እናቷ እሁድ መጣች። ያመጣችውን ሙዝ ጠረጴዛው ላይ ሳታስቀምጥ ነው የጀመረችው።

"ሥራ አላት፣ ሰርቪስ አላት፣ ምሳዋን እዚያው ትበላለች። ይሄን ሁሉ ጥላ የሰው ሽንት ልታነሳ ነው?"

"ያንቺን ማን አነሳው?" አልኳት።

"እማዬ፣ እሱ ሌላ ነው።"

"ሽንት ሽንት ነው።"

ልጅቷ ሳቀች፣ እናትየዋ ግን አልሳቀችም። ማታ ማታ አካውንቲንግ እንድትማር ነው የምትፈልገው፣ ሥራዋን ሳትለቅ። ነርሲንግ ግን ሥራ ያስለቅቃል፣ ቀን ነው ትምህርቱ። ሲከራከሩ ሲከራከሩ ቆዩና ልጅቷ ምን አለች? "እማማ እሺ ካለች እመዘገባለሁ። እምቢ ካለች እተወዋለሁ፣ ሁለተኛ አላነሳውም።" እናትየዋም "ተስማምቻለሁ" አለች። እኔ ከሷ ጋር የምቆም መስሏት ነው፤ ፊቴን አይታ ይሆናል። ምዝገባው መስከረም ላይ ነበር። እንዲህ አድርገው ነገሩን እኔ ላይ ጣሉት።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም ነበር። በሽንቱ አይደለም።

ያቺው የቱሉ ዲምቷ ልጄ ሕፃን ሳለች ሳል ይዟት ትንፋሽ አጥሯት ነበር። አዝያት ሆስፒታል ሄድኩ። ብዙ በር አለ፣ ሁሉም በር ላይ ተጽፏል። እኔ ለጽሑፍ እንግዳ ነኝ፣ ሰው መጠየቅም አፈርኩ። ንጹሕ የመሰለኝን በር መርጬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሌላው ሰው ይመጣል፣ ወዲያ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ ቆሜያለሁ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ታቃስታለች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ አለች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ሐኪም ነዋ፣ እመቤቴ።"

"የአንሶላ ክፍል ውስጥ ሐኪም አለ? በሩ ላይ ተጽፎልሻል እኮ! ዓይን የለሽም?"

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ዓይንማ ነበረኝ። ሴትዮዋ በሩን ዘግታ ተመለሰች። የትኛው በር እንደሆነ እንኳን አላሳየችኝም። በኋላ አንድ ዘበኛ ነው ክንዴን ይዞ ያደረሰኝ። ልጄ ዳነች፣ ይኸው አድጋ ከኔ ጋር ትከራከራለች። ያ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ይቺ ልጅ ደግሞ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ለማኝን እንኳን "አባባ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ነው የምታልፈው። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ሰው ተሰልፎባት፣ አንድ ቀን ለአንዷ "ዓይን የለሽም?" ስትል ታየችኝ። እኔ አሳድጌ? ይሄን ግን አልነገርኳትም። "እናስብበት" ነው ያልኳት።

ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ አለቀ፣ እኔ እያሰብኩ ነው።

"አሰብሽ እማማ?"

"እያሰብኩ ነው።"

"አንቺ አስበሽ እስክትጨርሺ እኔ ጡረታ እወጣለሁ።"

እንዲህ እያልን ፍልሰታ ገባ። እኔ ስኳር አለብኝ። ጠዋት አንድ ኪኒን አለኝ፣ ማታ አንድ። በፍልሰታ ደግሞ ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። የሚቆርብ ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ ውኃ እንኳን አይቀምስም፣ ቅዳሴው የሚያልቀው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ኪኒኑ በውኃ ነው የሚዋጠው፣ ውኃው ያስገድፋል። እኔ ምን አደረግሁ? ማታ እራት ስበላ የማታውንም የጠዋቱንም አንድ ላይ ዋጥኳቸው። ኪኒን የት ይሄዳል፣ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠዋትን ይጠብቃል ብዬ። ብልህ ነኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥን። ልጅቷ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር አብራኝ ነበረች። ስምንት ሰዓት አልፎ ይሆናል፣ ላብ ላብ አለኝ። ዝናቡ ያባራው ገና ነው፣ ሰው ይበርደዋል፣ እኔ ግን ነጠላዬ ረጠበ። ከንፈሬ የሰው ከንፈር መሰለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ናት። ወላጆቿ ኮዬ ፈጬ ገበሬ ነበሩ፣ አሁን መሬቱ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፣ እሷ እኛ ሰፈር ወተት ትሸጣለች። ልጆቿ እንደሚጠሩኝ እሷም አኮ ነው የምትለኝ፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

"አኮ! አኮ ምን ሆነች? ዓይን ነው! ጠበል አምጡ!"

ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ ታራግባለች፣ አንዷ ታማትባለች፣ አንዷ ጫማዬን ታወልቃለች፣ ጫማው ምን እንዳደረጋት እኔ እንጃ። ልጅቷ በመሃል ገብታ ፊቴ ቁጢጥ አለች።

"እማማ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ?"

"ማታ ዋጥኩ።"

"የማታውን ነው። የጠዋቱንስ?"

"እሱንም ማታ።"

ምን ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰው እንዲህ ሲሰማ "እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ!" ይላል። እሷ "እሺ" ብቻ አለች። "እሺ እማማ።" ተነስታ ከበሩ ውጪ ካለው ሱቅ ለስላሳ ይዛ መጣች፣ ከፍታ አፌ ላይ አደረገችው።

ጥርሴን ገጠምኩ። "አልጠጣም። ልቆርብ ነው።"

"ስኳርሽ ወርዶ ነው፣ ትንሽ ብቻ።"

"አልጠጣም ብያለሁ።"

አንዷ ሴትዮ ከኋላ፣ "አፏን ፈልቅቀሽ አጠጫት እንጂ! ሞታ ልትቆርብ ነው?" አለች። ሌላዋ ደግሞ "ተዪአት፣ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው፣ ትጽና" ትላለች። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሊጣሉ ደረሱ። እኔ አቅም የለኝም፣ ልጅቷ አፌን ልትከፍት ብትፈልግ በሁለት ጣት ትከፍተው ነበር። አልነካችኝም። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣

"አባን ልጥራቸው? እሳቸው ጠጪ ካሉሽ ትጠጫለሽ?" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

የንስሐ አባቴ ያን ቀን ቅዳሴ ውስጥ አልነበሩም፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ነበሩ። ልጅቷ ጠርሙሱን ለጎረቤቴ ሰጠቻትና "ያዢልኝ። እንዳትተኛ አውሪያት፣ ምንም ይሁን ምንም" አለቻት። ፈጠን ብላ ሄደች እንጂ አልሮጠችም። ብትሮጥ ኖሮ እኔ እደነግጥ ነበር። ጎረቤቴም የታዘዘችውን አደረገች፣ የጥጃዋን ታሪክ ጀመረችልኝ። ጥጃዋ ጠፍታ የት እንደተገኘች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ መሃሉ ላይ አባ ደረሱ።

አባ በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ፣ ግን ልጄ ነው የሚሉኝ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ።

"ልጄ፣ ጠጪ። ፈትቼሻለሁ።"

"አባ፣ ቁርባኑስ?"

"ቁርባኑ የትም አይሄድም። አንቺ ነሽ ልትሄጂ የደረስሽው።"

ሴቶቹ ከነድንጋጤያቸው ሳቁ። እኔ ጠጣሁ። ልጅቷ ጠርሙሱን ይዛልኝ፣ "ቀስ፣ ቀስ" እያለች። እጇን እያየሁት ነበር፣ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሬ ከንፈሬ ሆነ።

ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሰው አግዳሚውን ሞልቶ ደጅ ድረስ ቆሟል። ነርሷ ወጣት ናት። "ተራ ጠብቁ ብያለሁ!" ብላ አንዱ ላይ ስትጮህ ይኸው ያቺ የበሯ ነርስ መጣች አልኩ። እኔን አልጋ ላይ አስተኝታ ጣቴን ወጋችኝ፣ መሣሪያዋን አየችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

"ጣፋጭ የሰጠቻት ማናት?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን ተምረሽ ነው?"

"ምንም። ኪኒን ነው የማሽገው።"

"ጥሩ አድርገሻል" አለቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች።

"ምግብ በልተሽ እንደገና ለክተንሽ ነው የምትሄጂው" ስላለችኝ እዚያው ቆየሁ። ከተኛሁበት መስኮቱ ይታየኛል። መስኮቱ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አለ፣ አንድ ጉርሻ ተገምጧል። ነርሷ ትመጣና ታነሳዋለች፣ አንዱ ይጠራታል፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሕፃን ያለቅሳል፣ ትሄዳለች። ትመለሳለች፣ ታነሳዋለች፣ ሽማግሌ ካርዱን ይዞ ይገባል፣ ታስቀምጠዋለች። እኔ የራሴን በልቼ ጨረስኩ፣ እሷ አልጨረሰችም።

"የኔ ልጅ፣ ዳቦሽን ብዪ እንጂ" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች። "እናቴ፣ የጠዋት ቁርሴ ነው እኮ።" ስትስቅ የልጅ ፊት ነው ያላት። ያን ጊዜ ያቺ የአንሶላ ክፍሏ ሴትዮ ዳቦዋ የት ተቀምጦ ይሆን አልኩ። ይቅር አልኳት ማለቴ አይደለም። ብቻ ዳቦዋን አሰብኩ።

ስንወጣ ልጅቷ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ለባጃጁ ስልክ ልትደውል ቁጥሩን መንካት አቃታት።

"አየሽ?" አለችኝ። እንባዋ መጣ። "አልነገርኩሽም? ይኸው። እኔ አልሆንም።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፋብሪካ ሳለሁ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። የአንዷን ጓደኛችንን ሻሽ ማሽኑ ጎትቶት ነበር። ሁላችንም ጮኸን፣ ተንቀጠቀጥን፣ አፋችንን ያዝን። አንዲት ዝምተኛ ሴት ናት ሄዳ ማሽኑን ያጠፋችው። ሻሹ ተቆርጦ፣ ልጅቷ ተርፋ፣ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ያቺ ዝምተኛ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። እኛ ቀድመን ስለተንቀጠቀጥን ለማንም አልጠቀምንም።

ይሄን ነገርኳት። "ጠርሙሱን ስትይዢልኝ እጅሽን እያየሁት ነበር" አልኳት። "ዝም ብሎ ነበር። አሁን ይንቀጥቀጥ፣ አሁን ማን ይፈልገዋል?"

በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። "አሰብሽ ማለት ነው?"

"አሰብኩ። ግን አንድ ነገር አለ።" የበሩን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። ለእናቷም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

"ትክክለኛው በር የትኛው ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"እኔ ምን አውቄ! ዘበኛው ነው ያደረሰኝ።" ሁለታችንም ሳቅን። "ተመዝገቢ" አልኳት። "ግን ሰው ላይ በር እንዳትዘጊ።"

ማታ እናቷ ደወለች፣ ጎረቤት ቀድሞ ነግሯታል።

"ሁለቱን ኪኒን አንድ ላይ? እማዬ፣ አብደሻል?"

"ልጅሽ አልጮኸችብኝም" አልኳት።

"እኔ ስለምወድሽ ነው የምጮኸው!"

"እሷም ትወደኛለች።"

ስልኩን ዘጋችው። በሚቀጥለው እሁድ ስትመጣ ሙዝ አልያዘችም፣ ካርቶን ነው የያዘችው። ውስጡ ተረከዝ የሌለው ነጭ ጫማ ነበር። "ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት አሉ" አለች፣ ወደ ግድግዳው እያየች። ከዚያ በኋላ ስለ አካውንቲንግ የተናገረ የለም።

መስከረም ላይ ትምህርት ጀመረች። ቤት ስትገባ የምትለማመደው በኔ ነው። ጋውኗን ትለብስና ወንበር ታመጣልኛለች።

"እናቴ፣ ይቀመጡ። ስምዎት ማን ነው?"

"ስሜን አታውቂም?"

"መጠየቅ አለብኝ፣ እንደሱ ነው የተማርነው።"

"ታዲያ አንቱ ማለቱስ?"

"እሱንም ተምሬ ነው።"

"እኔን ተዪኝ፣ የተቀየምሽኝ ይመስለኛል።"

ዘንድሮ ለልምምድ ወጣች፣ እዚያው ዳቦውን ያየሁበት ጤና ጣቢያ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ሳልነግራት ሄድኩ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። መስማት ነበር የፈለግሁት።

ቆየሁ። ሰው ብዙ ነው። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ነጩ ጫማዋ አፈር ሆኗል። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሳች ጠየቀቻት። በመጨረሻ ይቺ የኔዋ፣ ይቺ ለስላሳዋ፣ "አልኩሽ እኮ! ተቀመጪ አልኩሽ!" ብላ በሩን ዘጋችው።

እዚህ ላይ መጻፍ አቆመች። "ይሄን አልጽፍም" አለች።

"ጻፊው።"

"እማማ፣ ስታኮርፊ ማየት አልፈልግም፣ ግን..."

"ያላለቀ ነገር ምን ያስኮርፋል? ጻፊ።"

ነጠላዬን ሰብስቤ ልሄድ ተነሳሁ። እንግዲህ እኔው ነኝ እሺ ያልኩት፣ ማንን እወቅሳለሁ እያልኩ። ያቺ ሴትም ልጇን እያወዛወዘች አንገቷን ደፍታለች፤ እንዴት እንደሚያቃጥል እኔ አውቃለሁ። በሩ እንደገና ተከፈተ። ልጅቷ ወጣች። ሴትየዋ ፊት ቁጢጥ አለች፣ ልክ ያን ቀን እኔ ፊት እንዳለችው።

"ይቅርታ፣ ጮህኩብሽ" አለቻት። "የልጅሽ ውጤት የሚወጣው ከዚያኛው ክፍል ነው። ነይ፣ ላሳይሽ።"

ተነሳች፣ ሴትየዋን ክንዷን ይዛ በኮሪደሩ ወሰደቻት። ስትመለስ አየችኝ።

"እማማ? ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ግፊቴን ልለካ።"

"ትናንት ማታ ለካሁሽ አይደል እንዴ?"

"ዛሬስ ተቀይሮ ቢሆን?"

"አንቺ ሰላይ" አለችኝ። ፊቷ ቀላ። ግን ሰው እየጠራት ነበር፣ ሄደች። በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የተወችው።

ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የአንሶላውን ክፍል በር የዘጋችብኝ ያቺ ሴትዮም ተመልሳ ብትወጣ ኖሮ እያልኩ። እኔ ቆሜ ጠብቄያት ነበር፣ ለብዙ ጊዜ። አልወጣችም።